ሥራ አስኪያጁ ጠፈር ላይ ሆነው ምን እንዳሉ ለመወሰን የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሥራ አስኪያጁ ወደ ምድር በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት

ቦታ፦ የማስታወቂያ ድርጅቱ ስብሰባ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ። የጣሪያው ማራገቢያ ለጥገና በመውረዱ መስኮቱ ተከፍቷል።

የተገኙ፦
ሥራ አስኪያጁ፣ የድርጅቱ መሥራች፣ በቅርቡ ጠፈር ደርሰው የተመለሱ
ባለቤታቸው፣ የጂኦግራፊ መምህርት፣ የድርጅቱ ባለድርሻ
ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ ሰብሳቢ
የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ
የካሜራ ባለሙያው፣ በቅጽል ስሙ ዙም
የጽሑፍ አራሚዋ፣ የስብሰባው ጸሐፊ
በታዛቢነት፣ ያለ ድምፅ፦ የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት

ያልተገኙ፦ የሉም። የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ፣ ሥራ አስኪያጁ ከተቀመጡ ጀምሮ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ስላላነሱ «በአካል እንጂ በሐሳብ አልተገኙም» ተብሎ ይመዝገብ አሉ። የድርጅቱ ደንብ አካልን ብቻ ስለሚጠይቅ ተገኝተዋል ተብሎ ተመዝግቧል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ድምፅ ካላቸው ስድስት አባላት አምስቱ ሲገኙ ይሞላል። ስድስቱም ስላሉ ሞልቷል። ጸሐፊ ማን ይሁን ሲባል፣ የጽሑፍ አራሚዋ ብዕር ይዛ ስለተገኘች ተመርጣለች።

የጉዳዩ መነሻ

ሰብሳቢው፣ ታዛቢው ነገሩን ከሥሩ ይወቁት በማለት የኋላውን አስረዱ። ባስረዱት መሠረት፣ ሥራ አስኪያጁ ጠፈር የመሄድ ምኞት የያዛቸው በልጅነታቸው ነው። ቤታቸው ጣሪያ ላይ ባዶ የውኃ በርሜል ነበር፤ እዚያ ውስጥ ገብተው ሰማይ ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን በርሜሉ ከነእሳቸው ተንከባሎ ጎረቤት ግቢ ገባ። በርሜሉ ተመልሶ አልተሰቀለም፤ ምኞቱ ግን እዚያው ላይ ቀረ። አድገው የማስታወቂያ ሰው ሲሆኑም፣ የሠሩት ሥራ ሁሉ ጨረቃ አለበት። ሳሙናው ላይ አለች፣ ጫማው ላይ አለች፣ በበረሮ መርዙ ማስታወቂያ ላይ በረሮው በጀርባው ተንጋሎ በመጨረሻ የሚያየው እሷን ነው። ዙም የበረሮው ሐሳብ የእሱ መሆኑ እንዲመዘገብለት ጠየቀ። ተመዝግቧል።

ባለፈው ዓመት፣ ሰዎችን በመንኮራኩር ከምድር በላይ አውጥቶ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚመልስ አንድ ኩባንያ ማስታወቂያ ሊያሠራ ወደ ድርጅቱ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሥራውን ለማንም ሳያካፍሉ ብቻቸውን ጨረሱት። ኩባንያው ለድካማቸው ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው «አንድ ወንበር» አሉ። ሰብሳቢው ያኔ የቢሮ ወንበር መስሏቸው እንደነበር፣ የቢሮው ወንበሮችም በእርግጥ አርጅተው ስለነበር በደስታ መደገፋቸውን አልሸሸጉም። የሥራ አስኪያጁ ባለቤት በበኩላቸው፣ ለእሳቸውም «ወንበር አገኘሁ» ብቻ ተብሎ እንደተነገራቸው፣ ሹመት መስሏቸው ለጎረቤት ሁሉ አውርተው መጨረሳቸውን፣ ወሬው ከተሰራጨ በኋላ እውነቱን መስማታቸውንና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባላቸው ጋር በውል አለመነጋገራቸውን ተናገሩ። ሲነሱም አልሸኟቸውም።

ጉዞው ሲቃረብ ድርጅቱ ከፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት ጋር ተስማማ። ሥራ አስኪያጁ ክብደት በሚያጡባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የፋብሪካውን ትንሽ ትራስ ይዘው፣ ፊታቸውን መንኮራኩሩ ውስጥ ወደተገጠመው ካሜራ አዙረው «ከደመና በላይም ቢሆን ከዚህ ፍራሽ የሚመች የለም» ሊሉ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ትራሱን ይዘው ስለ ፍራሹ መናገራቸውን ጸሐፊዋ ያን ጊዜ በቀይ አስምራበት ነበር፤ ፍራሹ መንኮራኩሩ በር አይገባም ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ አንድ፦ ፊልሙን ስለማየትና ስለ ደንበኛው ቅሬታ

ፊልሙ ታየ። በፊልሙ ላይ አራት መንገደኞች ቀበቷቸውን ፈትተው ይንሳፈፋሉ። ሥራ አስኪያጁ ትራሱን ይዘው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ በስተግራ ያለውን መስኮት አዩ። ትራሱ ከእጃቸው ወጣ። ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ለካሜራው ጀርባቸውን ሰጡ፤ ጉዞው እስኪያልቅ ጀርባቸውን እንደሰጡ ነው። ትራሱ ቀስ እያለ ሄዶ ከጎናቸው የነበሩ አንዲት ጡረታ የወጡ ሴት ዳኛ ደረት ላይ አረፈ፤ ዳኛዋም አቅፈውት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደ መጨረሻው ላይ ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ብለዋል። በአየር ማናፈሻውና በመንገደኞቹ ጫጫታ ምክንያት ምን እንዳሉ አይሰማም።

የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት ቅሬታቸውን አሰሙ። ለፊት ተስማምተው ጀርባ እንደመጣላቸው፣ ጀርባ ቢፈልጉ ኖሮ እዚሁ መሬት ላይ ብዙ ሰው ጀርባ ሊሰጣቸው ፈቃደኛ እንደሆነ ተናገሩ። የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ ፍራሽም ቢሆን ከጀርባ ጋር የተያያዘ ዕቃ መሆኑን ሊያስታውሱ ሞከሩ። ታዛቢው አልሳቁም። እስከ ዓርብ ድረስ የፍራሹ ስም በግልጽ የሚሰማበት ፊልም ካልተሰጣቸው ሥራቸውን ሁሉ ወደ ሌላ ድርጅት እንደሚወስዱ አስታወቁ።

ኃላፊዋ ለጉባኤው እንዳስረዱት፣ የፍራሽ ፋብሪካው የድርጅቱ ትልቁ ደንበኛ ነው። እሱ ከሄደ ይህ ፎቅ ይለቀቃል፤ ፎቁ ላይ ያለ ሰውም አብሮ ይለቀቃል። ይህ ሲነገር ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። ሥራ አስኪያጁ «ቆዩ» አሉና ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

ባለቤታቸው ይህ አዲስ ነገር አለመሆኑን ገለጹ። ከተመለሱ ጀምሮ ቤት ውስጥም የሚሉት ይህንኑ ነው። ጨው አቀብለኝ ሲባሉ «ቆዪ» ይላሉ፣ ጨውም አይመጣም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእንቅልፍ ልባቸው እንኳ ሲያወሩ የኖሩ ሰው ዝም ማለታቸው መጀመሪያ ደስ ብሏቸው እንደነበር፣ አሁን ግን ቤቱ እየከበዳቸው እንደመጣ ተናግረዋል።

ዙም፣ ሥራ አስኪያጁ እዚሁ ስላሉ ምን እንዳሉ ራሳቸው ቢጠየቁስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢው ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም የሥራ አስኪያጁ ገለጻ በአጀንዳ አራት የተያዘ መሆኑን፣ ጉባኤው ገና አጀንዳ አንድን እንዳልጨረሰ አስገንዝበው ውድቅ አደረጉት።

አጀንዳ ሁለት፦ የተባለውን ቃል ስለመወሰን

ዙም ድምፁን ከጫጫታው እየለየ ደጋግሞ አሰማ። ጉባኤው የሰማው የቃሉን መጨረሻ ብቻ ነው፤ እሱም «ሽ» ነው።

ሰብሳቢው ወዲያው ቃሉ «ፍራሽ» ነው አሉ። የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ዙም በበኩሉ «ወይ ጉድሽ» ሊሆን ይችላል አለ፤ እሱ እዚያ ከፍታ ላይ ቢሆን የሚለው ይህንኑ ስለሆነ። ጸሐፊዋ ከ«ሽ» በፊት ያለው ድምፅ ግዕዝ መሆኑን፣ የ«ፍራሽ» «ራ» ደግሞ ራብዕ በመሆኑ እንደማይገጥም አስረዳች። ሰብሳቢው ደንበኛው በተገኙበት የፊደል ገበታ መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው አሉ።

በዚህ ጊዜ የሥራ አስኪያጁ ባለቤት እጃቸውን አወጡ። «ሽ» ግስ መጨረሻ ላይ ከመጣ ለሴት የሚነገር መሆኑን ሁሉም ሰው እንደሚያውቅ፣ በመንኮራኩሩ ውስጥ የነበሩት ሴት አንድ ብቻ መሆናቸውን ገልጸው፣ ስለ እኚህ ዳኛ ማብራሪያ ጠየቁ። ሰብሳቢው ዳኛዋ በግምት ከሰባ ዓመት በላይ መሆናቸውን ለእህታቸው አስረዱ። እህታቸው ዕድሜ እንዳልጠየቁ መለሱ። ዙም የዳኛዋን ፊት አቅርቦ እንዲያሳይ ታዘዘ፤ አቀረበ። ትራሱን አቅፈው እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ባለቤታቸው ለረጅም ጊዜ ካዩአቸው በኋላ «ደግሞ ቆንጆ ናቸው» አሉ። ይህ እንዳይመዘገብ ሰብሳቢው አሳሰቡ። እንዳይመዘገብ ማሳሰባቸው ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቃሉ «ፍራሽ» ነው የሚለው ለድምፅ ቀረበ። ሰብሳቢውና የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ ደገፉ። የሥራ አስኪያጁ ባለቤትም፣ ባላቸው ከማንኛዋም ሴት ይልቅ ፍራሽ ቢጠሩ እንደሚሻላቸው ገልጸው ደገፉ። ጸሐፊዋ በራብዑ ምክንያት ተቃወመች። ዙም ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አንስተው ነበር፤ ዝንብ ከመስኮቱ ለማባረር መሆኑ ስለታወቀ አልተቆጠረም።

ውሳኔ አንድ፦ ሥራ አስኪያጁ ጠፈር ላይ ሆነው «ፍራሽ» ማለታቸው በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ ሦስት፦ ፊት ስለማግኘት

የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት ቃሉ መገኘቱ እንዳስደሰታቸው፣ ፊት ግን አሁንም እንደሌለ አስታወሱ። የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ፣ የሚንሳፈፍ ሰው ፊት እዚሁ ክፍል ውስጥ ቀርጾ ከፊልሙ ጋር መቀጠል እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ። ማራገቢያው የወረደበት ብረት ጣሪያው ላይ አለ፤ ገመድ ከዙም ዕቃ ጋር አይጠፋም። የሚሰቀለው ሰው ሥራ አስኪያጁን በቁመና መምሰል እንዳለበት ተነገረ። ሁሉም ሰብሳቢውን አዩ።

ሰብሳቢው ከፍታ እንደሚያስፈራቸው፣ መሰላል ላይ እንኳ ወጥተው አምፖል እንደማይቀይሩ ገለጹ። እህታቸው እውነት መሆኑን መሰከሩ። ሰብሳቢው በዚህ ላይ ስብሰባውን እየመሩ መሰቀል እንደማይችሉ ተከራከሩ። ኃላፊዋ ደንቡን አገላብጠው ሰብሳቢው መቀመጥ አለበት የሚል አንቀጽ እንደሌለ አረጋገጡ።

ውሳኔ ሁለት፦ ሰብሳቢው ለቀረጻ ሥራ ከጣሪያው እንዲሰቀሉ፣ ስብሰባውንም ከዚያው ሆነው እንዲመሩ ከራሳቸው በቀር በተሰጠ ድምፅ ተወስኗል።

ዙም ገመዱን በሰብሳቢው ወገብና ብብት ሥር አስሮ በብረቱ ላይ አሳለፈው። ታዛቢው ድምፅ ባይኖራቸውም ገመድ መጎተት እንዳልተከለከሉ ስለታመነ ከዙምና ከኃላፊዋ ጋር ሆነው ጎተቱ። ሰብሳቢው ከጠረጴዛው በላይ ወጡ። ገመዱ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታሰረ። ሰብሳቢው እንዲናገሩ ምልክት ሲሰጣቸው «አውርዱኝ» አሉ። ይህ የስምምነቱ ዓረፍተ ነገር አለመሆኑ ተነግሯቸው እንደገና ተሞከረ። በሁለተኛው ሙከራ ዓረፍተ ነገሩን ቢጨርሱም፣ እጅና እግራቸውን ስለሚያወራጩ የሚንሳፈፍ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው መስለዋል። በሦስተኛው መሽከርከር ጀመሩ። የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት በዚህ ፊልም ፍራሽ እንደማይሸጥ፣ ምናልባት ገመድ ሊሸጥ እንደሚችል ተናገሩ።

ሰብሳቢው ይውረዱ ተባለ። ዙም ቋጠሮውን ሊፈታ ሄዶ፣ በክብደቱ ምክንያት ጠብቆ እምቢ እንዳለው አስታወቀ። ገመዱ ይቆረጥ ወይስ ይፈታ በሚለው ላይ ሁለት ወገን ተፈጠረ። ሰብሳቢው ከላይ ሆነው መቆረጡን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሥርዓት እንዲከበርም ጠየቁ፤ ፊታቸው ግን በዚያን ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሮ ስለነበር ለማን እንደተናገሩ አልታወቀም።

በዚህ መሐል ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሡ። ጠረጴዛው አጠገብ መጥተው የሰብሳቢውን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ያዙ። መሽከርከሩ ቆመ።

«አትታገለው» አሏቸው። «እግርህን ተወው። እጅህንም ተወው። የምትይዘው ነገር አትፈልግ፤ የለም። አለመኖሩን ስታውቅ ይቀልሃል።»

ሰብሳቢው እጅና እግራቸውን ተዉ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተንጠለጠሉ፤ ፊታቸውም ተፈታ። ዙም በዚያች ቅጽበት ካሜራውን አጥፍቶ እንደነበር በኋላ ታውቋል።

ሰብሳቢው ከዚያው ሆነው፣ ሥራ አስኪያጁ መናገር ስለጀመሩ አጀንዳ አራት መከፈቱን አበሰሩ። ሥራ አስኪያጁም ቁርጭምጭሚቱን እንደያዙ ቀጠሉ።

አጀንዳ አራት፦ የሥራ አስኪያጁ ገለጻ

ሥራ አስኪያጁ በገለጻቸው፣ መንኮራኩሩ ሲነሣ ደረታቸው ላይ ሰው የተቀመጠ ያህል መክበዱን፣ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ በርሜሉን እንዳስታወሳቸው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ቀጥ ማለቱን ተናገሩ። ቀበቶ ሲፈታ የሸሚዛቸው ኮሌታ ብቻውን ተነሥቶ አገጫቸውን ነክቷቸዋል። ዓረፍተ ነገራቸውን ለመናገር አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ትራሱም አምልጧቸው ሳይሆን ለቀውት ነው። ታዛቢው ይህን ሲሰሙ ማስታወሻ ያዙ።

የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ ምን እንዳዩ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ያዩትን ለመናገር ጀምረው ሁለት ጊዜ አቋረጡ። አንዴ «ሰማያዊው» ብለው ተዉት። አንዴ ደግሞ «ጫፉ ላይ» ብለው በእጃቸው ቀጭን ነገር አሳዩ፤ ቁርጭምጭሚቱን በመልቀቃቸው ሰብሳቢው መሽከርከር ጀመሩ፤ መልሰው ያዟቸው። ጸሐፊዋ የምትጽፈው ነገር አጥታ ጠበቀች።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ የሚከተለውን ተናገሩ፤ ቃል በቃል ተመዝግቧል።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ያላየውን ነገር አሳምሬ ስነግር ኖሬያለሁ። እኔም አላየሁትም ነበር፤ ለዚህ ይሆናል የቀለለኝ። ያን ቀን ግን አየሁት። ሳየው ለማን እንደምነግር ጠፋኝ። አጠገቤ ያሉት ራሳቸው እያዩት ነው። ካሜራው አያውቀኝም። ልነግራት የምፈልገው አንድ ሰው ነበረች፤ እሷ ደግሞ ቤት ናት፣ ተኳርፈናል። ወደ ታች ፈለግኩ። ሁሉም ደመና ነው። እንዲያው ሳላስበው፣ ስልክ ሳነሣ እንደምለው፣ ‹የት ነሽ?› አልኩ።»

ጸሐፊዋ «ነ» ግዕዝ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ታስመዘግባለች።

ባለቤታቸው በየትኛው መስኮት ያዩ እንደነበር ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ በግራው አሉ። ፀሐይዋ በየት በኩል እንደነበረች ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ በፊታቸው በኩል፣ ዝቅ ብላ እንደነበር መለሱ። ባለቤታቸው ፊልሙ መስኮቱ የሚታይበት ቦታ ላይ እንዲቆምላቸው ዙምን ጠየቁ። ተነሥተው ሄደው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩት በጣታቸው አሳዩ።

«ይሄ ሁሉ ውቅያኖስ ነው» አሉ። «እዚህ ላይ ሰው አይኖርም። ቤታችን በዚያኛው መስኮት በኩል ነበር። ከኋላህ ነበርኩ።»

«አላወቅኩም» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«መጠየቅ ነበረብሃ።»

«ጠየቅኩ እኮ።»



ባለቤታቸው ቀጥለው፣ ጉዞውን በቴሌቪዥን አላይም ብለው መማላቸውንና መሐላቸውን መጠበቃቸውን፣ ሆኖም በዚያው ሰዓት ልብስ ለማስጣት በረንዳ ላይ መውጣታቸውን ተናገሩ። ሰብሳቢው ከላይ ሆነው ያን ቀን ዝናብ ሲጥል እንደዋለ አስታወሱ። ባለቤታቸው ሰብሳቢው እንዲወርዱ የቀረበው ሐሳብ ለሌላ ጊዜ ቢተላለፍ እንደማይቃወሙ ገለጹ።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ ዓይናቸውን ጠርገው፣ በዚህ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ከሰሙት ሁሉ «የት ነሽ?»ን የሚያህል የፍራሽ ማስታወቂያ እንደሌለ ተናገሩ። ሰፊ አልጋ፣ ግማሹ ባዶ፣ ከላይ ጨረቃ፣ ሁለት ቃል። የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ፊቱም ይቅርብኝ፣ ስሙም በትንሹ ይጻፍ፣ ይህን ከሰጣችሁኝ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ድርጅት ደጃፍ አልሄድም አሉ።

ሥራ አስኪያጁ «ይሄ አይሸጥም» አሉ።

ይህ ዓረፍተ ነገር በዚህ ድርጅት ውስጥ ተሰምቶ ስለማያውቅ ሰብሳቢው እንዲደገም ጠየቁ። ተደገመ። ኃላፊዋ በአክብሮት፣ ሥራ አስኪያጁ የገዛ ልጃቸውን የመጀመሪያ ቃል ለብስኩት ማስታወቂያ መስጠታቸውን አስታወሱ። ሥራ አስኪያጁ ልጁ አፉን ሲፈታ «አባ» ማለቱን፣ ያም በየመንገዱ ተለጥፎ ብስኩቱን በደንብ መሸጡን አልካዱም።

«ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ነው» አሉ። «ዛሬም ‹አባ› ብሎ ሲጠራኝ ብስኩቱ ነው የሚታየኝ። አንዱን ሸጫለሁ። ይሄን ተዉልኝ።»

ሰብሳቢው የፎቁንና የሠራተኛውን ዕጣ ማሰብ ግዴታቸው መሆኑን፣ እሳቸውም ቢሆኑ ከተሰቀሉበት ሆነው ይህን ሲናገሩ ደስ እንደማይላቸው ገልጸው ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡ። ሰብሳቢው፣ ኃላፊዋና ዙም ደገፉ። ዙም እጁን ሲያወጣ ሥራ አስኪያጁን አላየም፤ በዚህ ወር ሁለተኛ ልጅ እንደሚወለድለት ብቻ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ እንደሚገባቸው በራሳቸው ነቀነቁለት። ሥራ አስኪያጁና ጸሐፊዋ ተቃወሙ። የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ገመዱ ወደታሰረበት የጠረጴዛ እግር ሄደው ቆመው ነበር፤ እጃቸው ቋጠሮው ላይ ስለነበር አልተቆጠረም።

ውሳኔ ሦስት፦ «የት ነሽ?» የሚለው ቃል ለፍራሽ ማስታወቂያ እንዲውል በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት ውሳኔውን አመስግነው፣ ቃሉ በአንድ ተራ ሰው አፍ እንዴት እንደሚሰማ ለመሞከር ስልክ ልደውል ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። በሩን አልዘጉትም። ሁለቱ ቃላት እስከ ጠረጴዛው ድረስ ተሰሙ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የሚያዳምጡ እንጂ የሚናገሩ አይመስሉም ነበር። ሲመለሱ ኮታቸውን ለብሰዋል። የደወሉላቸው የገዛ ባለቤታቸው ስልኩን አንሥተው ምን እንደጎደለባቸው፣ የታመሙ እንደሆነ፣ ከቀን ሥራ መሐል ደውለው እንዲህ ያለ ነገር ከጠየቋቸው ስንት ዘመን እንደሆነው እንደጠየቋቸው ለጉባኤው ተናገሩ። ቤት እንደሚፈለጉም ጨመሩ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን ወደ ቆመው ፊልም ዞር ብለው፣ ጡረታ የወጡትን ዳኛ አዩ። ጠጋ አሉ። ዳኛዋ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ትራሱን አቅፈው፣ ፀጉራቸው በግንባራቸው ዙሪያ ተበትኖ፣ አፋቸውን በትንሹ ከፍተው ተኝተዋል። የፋብሪካው ምልክት ትራሱ ላይ ጎልቶ ይታያል።

«እኚህ ሴትዮ እውነት ተኝተው ነበር?» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ዳኛዋ እስከ መውረጃው እንዳልነቁ፣ ሲወርዱም ትራሱን አልመልስም ማለታቸውን፣ ሲጠየቁ ይግባኝ በሉ ማለታቸውን አስረዱ። ታዛቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ማንም ምንም ባይናገር፣ እኚህን ብቻ ቢያሳዩአቸው እንደሚበቃቸው፣ የዳኛዋንም ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ከነገ ጀምሮ እንዲላክ አሳሰቡ። የዓርቡን ቀጠሮ አንሥተዋል። የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ፣ ሁላችንም የሥራ አስኪያጁን ጀርባ ስንመለከት ስለነበር ዳኛዋን ለደንበኛው ሳያቀርቡ መቅረታቸውን በጸጸት ገለጹ። የሥራ አስኪያጁ ባለቤት እሳቸው ግን ከማንም ቀድመው ልብ ብለው እንዳዩአቸው አስታወሱ።

ታዛቢው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ሰብሳቢውን በወገባቸው አቅፈው ወደ ላይ ሲያነሡአቸው ገመዱ ላላ፤ ባለቤታቸው ቋጠሮውን ፈቱት። ሰብሳቢው መሬት ረገጡ። ጥቂት ቆመው እግራቸውን ካዩ በኋላ፣ ከላይ ሲታይ ጠረጴዛው ትንሽ መሆኑን፣ የሁላችንም አናት መታየቱን ተናገሩ። አማቻቸው «አዎ፣ እንደሱ ነው» አሉአቸው።

የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ባላቸው ያላለቀ ነገር ስላላቸው ይዘዋቸው እንዲሄዱ ፈቃድ ጠየቁ። ሰብሳቢው ሁለቱ አንድ ላይ ከወጡ ምልዓተ ጉባኤ እንደሚጎድል አስታወሱ። ባለቤታቸው የባላቸውን ኮት ከወንበሩ ላይ አንሥተው መንገድ ጀመሩ። ሰብሳቢውም በሩ ጋ ሳይደርሱ ሁሉም እጁን በቶሎ እንዲያወጣ አሳሰቡ።

ውሳኔ አራት፦ ውሳኔ አንድ፣ ውሳኔ ሁለትና ውሳኔ ሦስት ተሽረዋል። ሥራ አስኪያጁ ጠፈር ላይ ሆነው ምን እንዳሉ ጉባኤው የማያውቅ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሥራ አስኪያጁና ባለቤታቸው በየፊናቸው ነፃ በነበረው እጃቸው ድምፅ ሰጥተዋል።

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ሲወርዱ «ጫፉ ላይ» ብለው ሲጀምሩ ተሰምቷል፤ በዚህ ጊዜ አላቋረጡም።

ስብሰባው አመሻሽ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ምልዓተ ጉባኤ በመጉደሉ ተበትኗል።

ጸሐፊ፦ የጽሑፍ አራሚዋ